የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ «መለዋወጫ» ተብሎ አይቀረጥም

አዲስ አበባን ከጋምቤላ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመሆኑ፣ ቀላልና አስቸኳይ ዕቃ በአውሮፕላን ማስጫን ለነጋዴው አንዱ አማራጭ ነው። ይሁንና ከውጭ ገብቶ በሀገር ውስጥ በረራ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚራገፍ አንድ ካርቶን ካንዴላ ወይም አምፑል፣ የቀረጡ ጉዳይ ያለቀው እዚያ ከመድረሱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው የማጓጓዣ ሒሳብ በሱቁ ዋጋ ላይ ይጨመራል እንጂ የተከፈለውን ቀረጥ አይለውጠውም። በመሆኑም የጋምቤላ ደንበኛ የሚሸከመው ዋጋ በከፊል የሚወሰነው፣ አስመጪው ዕቃውን በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንዳስመዘገበው ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት «ሐርሞናይዝድ ሲስተም» የተባለው የሸቀጦች ምደባ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በዓለም ላይ በሥራ ላይ የዋለ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች በአባል አገሮች ሁሉ አንድ ሲሆኑ፣ ቀጥለው የሚመጡትን አሃዞችና የቀረጡን መጠን የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ነው።

በዚህ ሥርዓት የተሽከርካሪ አካላትና መለዋወጫዎች የሚመደቡት በ87.08 ነው። ፓራውልት በዚሁ ቁጥር ይገባል። ለመኪና የሚውል ሁሉ ግን እዚያ አይገባም። የሥርዓቱ ክፍል 17 ማስታወሻ በምዕራፍ 85 የተዘረዘሩትን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች፣ ለመኪና ብቻ የተሠሩ ቢሆኑም እንኳ፣ ከዚህ ተራ ያወጣቸዋል።

በምዕራፍ 85 ውስጥም ቢሆን ቁጥሩ አንድ አይደለም። ባትሪ በ85.07፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ በ85.11 ይመደባሉ። የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስና በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስታወት ዝናብ መጥረጊያ 85.12 ናቸው። ፊውዝና ማብሪያ ማጥፊያ በ85.36፣ የተገጣጠመ የመኪና ሽቦ በ8544.30፣ የመኪና ሬዲዮ ደግሞ በ85.27 ይገባል። አምፑሉ ብቻውን ሲመጣ 85.39 ሲሆን፣ ከነቤቱ ሙሉ የፊት መብራት ሆኖ ሲመጣ ግን 85.12 ይሆናል። ስለዚህ «የመኪና መብራት» ተብሎ የተጻፈ ኢንቮይስ ለትራንዚተሩም ሆነ ለጉምሩክ ሠራተኛው በቂ መረጃ አይሰጥም።

ልዩነቱ በብር ሲሰላ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል ዋጋው፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮ 100,000 ብር የሆነ ዕቃ 10 በመቶ ቀረጥ ቢጣልበት ቀረጡ 10,000 ብር፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ 16,500 ብር፣ በድምሩ 26,500 ብር ይሆናል። ያው ዕቃ 30 በመቶ በሚከፈልበት ቁጥር ቢመደብ ቀረጡ 30,000፣ ታክሱ 19,500፣ ድምሩም 49,500 ብር ይደርሳል። የ23,000 ብር ልዩነት መሆኑ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱ ቀረጡን ጨምሮ ስለሚሰላ አንዱ ሲያድግ ሌላውም አብሮ ያድጋል።

በዝቅተኛ ቁጥር ማስመዝገብ ትርፍ መስሎ ቢታይም፣ ስህተቱ በኋላ ሲገኝ ልዩነቱን የሚከፍለው አስመጪው ነው። ዕቃው በዚያን ጊዜ ተሸጦ ካለቀ ደግሞ ሒሳቡን ከገዢ ማስመለስ አይቻልም። ባልተገባ ከፍተኛ ቁጥር ያስመዘገበም በገበያው ከተፎካካሪው በላይ ለመሸጥ ይገደዳል።

ስለሆነም አስመጪው ከላኪው የሚቀበለው ኢንቮይስ የዕቃውን ስም፣ ሥራውን፣ ለምን ዓይነት ተሽከርካሪ እንደሚሆንና ብቻውን ወይም ተገጣጥሞ መምጣቱን በየመስመሩ እንዲገልጽ ማድረግ አለበት። ምደባው የሚያጠራጥር ከሆነ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ካታሎግ አያይዞ የጉምሩክ ኮሚሽንን በጽሑፍ መጠየቁ ይበጃል። ከአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ጋምቤላ የሚያስጭን ቸርቻሪም ደረሰኙንና የዲክላራሲዮኑን ኮፒ ከካርቶኑ ጋር መያዝ ይኖርበታል፤ ዕቃው በሕጋዊ መንገድ ስለመግባቱ ቢጠየቅ የሚመሰክርለት ይኸው ወረቀት ነውና።