አሮጌዋ ቪትዝ ገና ብዙ መንገድ ይቀራታል

ቅዳሜ ጠዋት በጀሞ፣ በሰሚት ወይም በአያት ኮንዶሚኒየሞች መካከል ቢያልፉ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ ባለቤቷ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚመለከታት አንዲት ቪትዝ አያጡም። ምናልባትም ያ ባለቤት እርስዎ ራስዎ ነዎት። መኪናዋ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳለች፣ አራስ ከሆስፒታል አምጥታለች፣ የፋሲካ በግ በኋላ በሯ አስገብታለች። አሁን ግን ጠዋት ሲያስነሷት ታንገራግራለች፤ ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ እንደ አሮጌ አልጋ ትንጫጫለች። “እንሽጣት ወይስ እናድሳት?” የሚለው ክርክርም ቤት ውስጥ ከገባ ሰነባብቷል።

የዛሬ አሥር ዓመት ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ትሸጣለች፣ ትንሽ ገንዘብ ይጨመርና ከዱባይ የመጣች ሌላ ትገዛለች። ያ መንገድ ዛሬ ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ተነሳ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የሚችል ይግዛ፣ ደግ ነገር ነው። በብዙዎቻችን ቤት ግን በር ላይ የቆመችው ቪትዝ ገና ለዓመታት የቤተሰቡ መኪና ሆና ትቆያለች። ስለዚህ ለእድሳት የተያዘው ገንዘብ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ የሚለው ትልቅ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሰው ከቀለም ይጀምራል። እኛ ቀለሙን መጨረሻ ላይ እንዲያደርጉት እንመክራለን።

መጀመሪያ ማንነቷን ይወቁ

ቪትዝ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች፣ የ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላም ተመረጠች። ሁለተኛው ትውልድ በ2005፣ ሦስተኛው በ2010 መጨረሻ ተከተለ። ይህ ታሪክ ገበያ ላይ ገንዘብ ያድናል። ሶማሌ ተራ ሄደው “የቪትዝ ካንዴላ” ብቻ ብለው ከጠየቁ የሚሰጥዎት ዕቃ ከመኪናዎ ጋር መግጠሙ የዕድል ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ሞተር አራት ሲሊንደር አለው፤ የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ደግሞ ሦስት ብቻ። ስማቸው አንድ ቢሆንም ሞተሮቹ ምንም አይገናኙም።

ኮፈኑን ከፍተው በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከሌለም በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ይፈልጉ። ኤስሲፒ10 የሚል ከሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ናት፤ ኬኤስፒ90 ከሆነ የሁለተኛው። ሰሌዳዋን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ የቀለሙ ኮድም እዚያው ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ለሻጩ የሚነግሩት ኮዱን ይሁን።

መሪው ወደ ግራ የመጣው እንዴት ነው?

ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው። ጃፓኖች የሚነዱት በመንገዱ ግራ በመሆኑ መሪያቸው በቀኝ ነው። እንግዲህ ኋላዋ ላይ “ቪትዝ” የሚል ጽሑፍ ይዛ የተሠራች መኪና ዛሬ በግራ በኩል መሪ ካላት፣ አንድ ቦታ ላይ አንድ ባለሙያ አውጥቶ አዙሮታል ማለት ነው። በጥሩ እጅ የተሠራ ቅየራ ለዓመታት ያገለግላል። በችኮላ የተሠራው ግን የተቆረጠ ዳሽቦርድ፣ የተበየደ የመሪ ዘንግ፣ አንዳንዴም በስተቀኝ ከቀረው የፍሬን ፖምፓ ጋር በአግዳሚ ብረት የተያያዘ ፔዳል ሊኖረው ይችላል። መኪናዋን ከገዙ ጀምሮ ይህን አይተው የማያውቁ ከሆነ እድሳቱን ከዚህ ይጀምሩ።

ራስዎ ማየት የሚችሉት ጥቂት ነገር አለ። ሞተሩን አስነስተው፣ ጎማዎቹን ወደ ፊት አቅንተው፣ መሪውን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያድርጉት። ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ጠርዝ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሄደ አንድ ነገር ላልቷል። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞሩ የኤርባግ ምልክቷን ልብ ይበሉ፤ በርታ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለባት። በርታ ከቀረች ችግር አለ። ጨርሶ ካልበራች ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ፤ ኤርባጉ በቅየራው ጊዜ ወጥቶ፣ አምፖሏም እንዳታሳጣ ተነቅላ ሊሆን ይችላል። ቀሪው የባለሙያ ሥራ ነው። መኪናዋን ከፍ አድርጎ ከሥር የሚያይ ጋራዥ ይውሰዷትና የመሪው ዘንግ ላይ ብየዳ እንዳለ፣ ጫፎቹም እንዳልላሉ በግልጽ ጠይቀው ያስመርምሩ። መሪና ኤርባግ በግቢ የሚነካኩ ነገሮች አይደሉም።

ከእንጦጦ ሲወርዱ

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቤተሰብ ጭኖ የወረደ ሁሉ የፍሬን ነገር ይገባዋል። የአባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን በኩል የወረደ ደግሞ አብዝቶ ይገባዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በበዛ ቁጥር በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ ሲፈላም ፔዳሉ እግርዎ ሥር እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው። ማጠራቀሚያውን ይዩት፤ ቡና መስሎ ከጠቆረ ጊዜው አልፏል። የፊት ፍሬን ሸራ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ ይቀየር። የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ የማይዝ ከሆነም የኋላውን ሸራ ያስከፍቱት። አውቶማቲክ የሚነዱ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ከዲ ወደ 2 ወይም ኤል ማውረድ ለፍሬኑ ትልቅ እረፍት ነው። ያለ ወጪ የሚገኝ ነገር ነው፤ ግን ስንቱ አሽከርካሪ ያደርገዋል?

ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ቅርጽ ውስጥ የታተሙ አራት አኃዞች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ገና ሙሉ የሆነ፣ ግን አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ላስቲኩ ደርቋል፤ በክረምት ዝናብ አስፋልቱን በደንብ አይዝም። ጎሚስታው “ይሄ ገና ነው” ቢልዎትም አኃዙን ይመኑ። ትክክለኛውን የአየር መጠን የያዘው ወረቀት በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ነው። መሪዋ በተቀየረ ቪትዝ ግን በቀኝ በኩል ይፈልጉት፤ የጃፓኑ አሽከርካሪ እዚያ ነበራ የሚቀመጠው።

ውሃ ቶሎ የሚፈላባት ከተማ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላ ቶሎ የማይበስለው በዚህ ነው፤ የመኪና ሞተር ቶሎ የሚፈላውም እንዲሁ። የራዲያተሩ ክዳን ውስጡን በግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኳ የደረቀ አንዲት ክዳን ይህን ሁሉ ታሳጣለች፤ ከራዲያተሩ ጋር ስትነጻጸር ደግሞ ዋጋዋ ኢምንት ነው። “መኪናዬ ትሞቃለች” ብለው ራዲያተር ከመቀየርዎ በፊት ክዳኗን ይቀይሩ።

ሌላ ልማድ አለ። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። የዚያን ቀን ሙቀቱ ይወርዳል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩ ተገቢው ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ቤንዚን ይጠጣል፣ ቶሎም ያልቃል። የእርስዎም ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቁና ያስመልሱት። ተራ የቧንቧ ውሃም ይብቃዎት፤ የሞተሩ ቴስታታ አልሙኒየም ስለሆነ ከውስጥ ይበላል። ሥርዓቱን አጥበው ኩላንት ይሙሉ፤ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ።

ከፍታው ጉልበቷንም ይቀንሳል። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሯ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው አቅም አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። የመጀመሪያዋ ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ስትሠራ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ዳገት ላይ ብትደክም ሁልጊዜ ሕመም አይደለም። “ሞተሩ መከፈት አለበት” የሚል ምክር ሲመጣ የአየር ፊልትሮውን፣ ካንዴላዎቹን፣ የጎማውን አየርና የሚይዝ ፍሬን መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ያዩ። ሞተር ስለመቀየር የሚያስቡ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ መሆኑን አይርሱ።

በግቢዎ የሚሠሩት

ዘይት መቀየር ለጀማሪ ጥሩ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው። ብዙ ቦታ የሚሰጥዎት 40 ቁጥር የሚባለው ወፍራም ዘይት ነው፤ ለቪትዝ አይስማማም። እነዚህ ሞተሮች በቺንጋ ፈንታ የብረት ሰንሰለት አላቸው። ሰንሰለቱን የሚወጥረው የዘይቱ ግፊት ነው፤ በብርድ ጠዋት ወፍራም ዘይት ዘግይቶ ሲደርስ የሚሰሙት ካካታ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። 5ደብልዩ-30 ወይም 10ደብልዩ-30 ይፈልጉ። አሮጌውን ዘይት በጄሪካን አድርገው ጋራዥ ይስጡ፤ ወደ ቱቦ አይድፉት።

ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ከሥር መግባት ካለብዎ የብረት መደገፊያ ያቁሙ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገቡ፤ ደግሞም መሬቱ ደልዳላ ይሁን። በዚህ ጊዜ ልጆች ከመኪናዋ ይራቁ። ለእነሱ የሚሆን ሌላ ሥራ ሞልቷል።

ለምሳሌ የኋላውን ምንጣፍ ማንሳት። ከሥሩ ቅያሪ ጎማው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይክፈቱት፤ የኋላው በር ላስቲክ ከደረቀ ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ ላሜራውን በዝምታ ሲበላ ይከርማል። ያድርቁት፣ ዝገት ካለ ፍቀው ጸረ ዝገት ይቀቡት፣ ላስቲኩንም ይቀይሩ። የደበዘዙ የፊት መብራቶችም ለአሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚስማሙ ናቸው። 1000፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ መፈግፈግ፣ መጨረሻ ላይ በፖሊሽ ማሸት ነው። ከፀሐይ የሚከላከል ግልጽ ቀለም ካልተቀባ ግን በጥቂት ወራት ተመልሶ ይደበዝዛል። የጥርስ ሳሙናው ዘዴ የሚያገለግለው ለቀናት ነው።

አሁን የኋላ ወንበር ላይ ይምጡና የወንበሩን ልብስ ያንሱት። ቀበቶዎቹ የት አሉ? በብዙ መኪና ውስጥ የወንበሩ ልብስ ሲሰፋ ማያያዣዎቹ ከሥር ተቀብረው ቀርተዋል። ልጆቹ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ልብሱን ቀደው ያውጧቸው፣ ሲጎትቷቸው ወጥተው ሲለቋቸው እንደሚመለሱ፣ በድንገት ሲስቧቸውም እንደሚቆልፉ ይፈትሹ። የተበጣጠሰ ካለ ከሌላ መኪና የወጣ ደህና ቀበቶ ተፈልጎ ይገጠም። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ ለመሥራት ጊዜ ካለዎት፣ በዚህ ሳምንት ይህን ይሥሩ።

ማማር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው

የተቃጠለ የሚመስል ቀለም ብዙ ጊዜ በፖሊሽ ይመለሳል። ሙሉ ቀለም መቀባት ውድ ነው፤ ኋላ ሊሸጧት ቢሉም ገዢው “ምን ተደብቆ ነው?” ብሎ ማግኔት ይዞ ይመጣል፤ ማግኔት ስቶኮ በወፈረበት ቦታ አይይዝም። ቀለሟን ወደ ሌላ መቀየር ካማረዎት ሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ መጀመሪያ የተመዘገበችበትን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ከማሻሻያዎቹ ውስጥ የኋላ ካሜራ ያለው ስክሪን ዋጋውን ያወጣል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ወደ ኋላ ለሚነዳ ሰው ስፖኪዮ ብቻውን አይበቃም። ለተራ አምፖል በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ የሚገቡት ነጭ ኤልኢዲዎች ግን ብርሃኑን በትነው ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራሉ፤ የጠራ መብራትና አዲስ ተራ አምፖል ይሻላል። ሰፋፊ ቸርኬና ዝቅ ያለ ሞላ ደግሞ ለኮብልስቶን ከተማ አይደሉም። የሚጮኸውን ማርሚታ በተመለከተ ጎረቤትዎን ያማክሩ።

አንድ ነገር ቀረ። የኋላው በር አልቆም ብሎ በመጥረጊያ እንጨት የሚደግፉት ከሆነ፣ ያለቁት በጋዝ የሚሠሩት ደጋፊ ዘንጎች ናቸው። አንድ ሰው በሩን ይዞ፣ ሌላው በቀጭን ካቻቢቴ ማያያዣውን አላቆ አዲሱን ሲገፋበት ቀጭ ይላል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ የአስቤዛ ዘንቢል በያዙ ቁጥርም ራስዎን ከመመታት ይተርፋሉ።