ድምፅን በድምፅ ማጥፋት ከማርሚታ ይጀምራል

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ መገናኛ፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ ነዋሪውን ሌሊት እንቅልፍ ከሚነሱት ድምፆች አንዱ ከመኪና ጭስ ማውጫ የሚወጣው ነው፤ ማርሚታው የተበሳ ሚኒባስ፣ ጭነት ይዞ የሚያጓራ አይሱዙ፣ ይባስ ብሎም ለድምፁ ሲባል ማርሚታው የተነቀለለት የቤት መኪና። ለዚህ ችግር በውጭ አገር ኤሌክትሮኒክ መፍትሔ ተሠርቷል። መነሻው ጀርመናዊው ፓውል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው፦ ማይክሮፎን ድምፁን ይሰማል፣ ስፒከር ተቃራኒውን ሞገድ ይለቃል፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ይጠፋፋሉ። ድንቅ ሐሳብ ነው። ለእኛ መንገድ ግን ከዚህ የቀረበ መድኃኒት አለ።

አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ጭስ ይተፋል። በትኩሱ ጭስ ውስጥ የዚህ ጎርናና ድምፅ አንድ ሞገድ 5 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ እንዲህ ያለውን ረጅም ሞገድ በትንሽ ቆርቆሮ ማፈን ስለሚከብድ ስፒከሩ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ተራው ማርሚታም ሥራው ያው ነው። በውስጡ ባሉት ክፍሎችና ቀዳዳ ቱቦዎች ድምፁ እየተመላለሰ፣ ዘግይቶ የደረሰው ሞገድ ቀድሞ የመጣውን ያጠፋዋል፤ ኮምፒውተርም ኤሌክትሪክም አይፈልግም፣ ሲበሳ በያጅ ይጠግነዋል። ስፒከሩ ግን ከሙቀት፣ ከጥላሸትና ከውኃ መጠበቅ አለበት። ደግሞም ያው መሣሪያ ድምፅ ለመጨመርም ይውላል፤ የአውዲ ኤስኪው5 ናፍጣ መኪና በጭስ ማውጫው ላይ ስፒከር የተገጠመለት የሞተሩን ድምፅ ግርማ እንዲያላብስ ነው።

ማርሚታ ጉልበት ይቀንሳል የሚሉ አሉ። የተደፈነ ማርሚታ በእርግጥ ሞተር ያንቃል፤ መድኃኒቱ ግን መቀየር እንጂ መንቀል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚደክመው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው፣ ማርሚታ መንቀልም አየሩን አያወፍረውም። ሌሎች ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ነገሩን ይፈታዋል ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉ ይታወቃል፤ በከተማ ፍጥነት የኤሌክትሪክ መኪና ጸጥተኛ መሆኑም እውነት ነው። ሆኖም ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ገና ለብዙ ዓመታት ይሠራሉ፤ በሲኤምሲ መንገድ ዳር የሚተኛ ሕፃን እስከዚያ ሊጠብቅ አይገባም።

ሕግ አልጠፋም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። በአገራችን መስፈርት የመኖሪያ ሰፈር ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። ይህ ልክ የሰፈሩን ድምፅ እንጂ የአንዱን መኪና ስለማይለካ አጥፊውን ለይቶ መያዝ ያስቸግራል። በዓለም የተለመደው የቆመ መኪና ምርመራ ግን ቀላል ነው፦ መለኪያው ከጭስ ማውጫው አፍ ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ማዕዘን ይያዛል፣ ሞተሩ በተወሰነ ዙር ይሠራል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ይህ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ላይ በጥብቅ ይሠራበት፤ ከልኩ ያለፈ መኪናም ማርሚታውን አስጠግኖ እስኪመለስ ቦሎ አይሰጠው።