ያለ ክር የሚታሰረው ዝንብ፦ የፌዛንት ጭራ

የፌዛንት ጭራ ትራውት ለሚባለው ዓሣ ማጥመጃ ከሚሠሩት ሰው ሠራሽ ዝንቦች አንዱ ነው። ከመንጠቆው ሌላ የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የወንድ ፌዛንት የጅራት ላባና የፀጉር ያህል የቀጠነ ቀይ የመዳብ ሽቦ። ፌዛንት የቆቅና የዶሮ ዘመድ የሆነ ጅራተ ረጅም ወፍ ሲሆን፣ የወንዱ ጅራት ላባ ዘለላዎች ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ቀለም አላቸው። የዝንቡ ፈልሳፊ እንግሊዛዊው ፍራንክ ሶየር (እ.ኤ.አ. 1906–1980) ነው። ሶየር ከ1928 ጀምሮ በደቡብ እንግሊዝ፣ በዊልትሺር አውራጃ፣ ኔዘራቮን በተባለው መንደር አጠገብ የላይኛው ኤቨን ወንዝ ጠባቂ ነበር።

ዝንቡ የሚመስለው የሜይፍላይን ልጅ ነው። ሜይፍላይ ክንፍ አውጥቶ ከውኃ ሲወጣ ምግብ አይቀምስም፤ በጥቂት ሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራክቦ፣ እንቁላል ጥሎ ይሞታል። ከዚያ በፊት ግን ብዙ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመትና ከዚያ በላይ፣ በወንዙ ወለል ላይ በድንጋይና በአረም መካከል ይኖራል። በዚህ ዕድሜው ኒምፍ ይባላል። ትራውትም ከሚመገበው የሚበዛውን የሚያገኘው እዚያው ከውኃው በታች ነው። ኒምፉ የመውጫው ጊዜ ሲደርስ፣ ገና ያልተዘረጉት ክንፎቹ ደረቱ ላይ ተቋጥረው ያብጣሉ፤ ቀለማቸውም ይጠቁራል። ከዚያ ወደ ላይ ይዋኛል። ለትራውቱ የሚመቸው ጊዜ ይህ ነው።

የኤቨን ውኃ ከጠመኔ ድንጋይ ሥር ስለሚመነጭ ጥርት ያለ ነው፤ ዳር የቆመ ሰው ዓሣው ምን እንደሚያደርግ ያያል። ሶየርም ሥራው ወንዙን መጠበቅ ስለነበር ዘመኑን ያሳለፈው ይህንኑ ሲመለከት ነው። ካስተዋላቸው ነገሮች ዋናው፣ ኒምፉ ሲዋኝ እግሮቹን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ መሆኑ ነው። እንግዲህ እግር መሥራት አያስፈልግም። ለዓሣው የሚታየው መጠኑ፣ ቅርጹና አካሄዱ ነው፤ የፌዛንት ጭራም ከእነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ ትቷል። የዚህ ዝንብ ጥበብ ያለው በተተወው ነገር ውስጥ ነው።

ከሶየር በፊት መንገዱን የጠረገው ጂ. ኢ. ኤም. ስኪውስ የተባለው የሕግ ባለሙያ ነው። በእንግሊዝ የጠመኔ ወንዞች ላይ በፍሬድሪክ ሃልፎርድ ትምህርት ጸንቶ የቆየው ልማድ፣ በውኃው ገጽ ላይ በሚንሳፈፍ ዝንብ ብቻ ማጥመድ ነበር። ስኪውስ በ1910 ባሳተመው መጽሐፉ ከገጹ በታች ማጥመድም ተገቢ ነው ብሎ ተከራከረ። ነገሩ እስከ 1938 ድረስ አልበረደም፤ በዚያ ዓመት ለንደን ባለው የዝንብ አጥማጆች ክበብ ይፋዊ ሙግት ተደርጎበታል። የስኪውስ ኒምፎች ግን ቀላል ስለነበሩ ከገጹ እምብዛም አይርቁም ነበር። ወደ ጥልቁ የሚወርደውን ኒምፍ ያመጣው ሶየር ነው፤ አሠራሩንም በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል።

ዝንብ የሚሠሩ ሰዎች ላባውን ከመንጠቆው ጋር የሚያስሩት አብዛኛውን ጊዜ በሐር ክር ነው። ሶየር ክሩን ትቶ በሽቦ ተካው። ሽቦው ያስራል፤ ክብደት ይሰጣል፤ ላባው ውኃ ሲጠጣ ደግሞ የመዳቡ ቅላት በዘለላዎቹ መካከል ብልጭ ይላል።

ሥራው የሚጀመረው መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ በማጥበቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከ12 እስከ 18 ቁጥር ያለው ነው፤ በመንጠቆ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ሽቦው ከመንጠቆው ዐይን በስተኋላ ተጀምሮ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተጠጋግቶ ይጠመጠማል። ደረቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ተደራርቦ ጉብታ መሥራት አለበት፤ ይህ ጉብታ ከሌለ ዝንቡ የኒምፍ መልክ አይኖረውም። ቀጥሎ አራት የላባ ዘለላዎች መታጠፊያው ላይ ይታሰራሉ፤ ቀጫጭን ጫፎቻቸው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወጥተው ጅራት ይሆናሉ። ዘለላዎቹና ሽቦው አንድ ላይ ተገምደው ወደ ዐይኑ ይጠመጠማሉ። ላባ ብቻውን ሲጠመጠም የዓሣ ጥርስ ቶሎ ይበጥሰዋል፤ ከሽቦ ጋር ሲገመድ ግን ይበረክታል።

ዐይኑ ጋ ሲደርሱ ሽቦው ከዘለላዎቹ ይለያል፤ ከጉብታው በስተኋላም ይመለሳል። ዘለላዎቹ በጉብታው ላይ ወደ ኋላ ታጥፈው በሽቦው ይያዛሉ። ሽቦው እንደገና ወደ ፊት ይመጣል፤ ዘለላዎቹም ተከትለውት ይታጠፋሉ። ይህ የተደራረበ እጥፋት ያበጠውን የክንፍ ቋጠሮ ይመስላል። በመጨረሻ ሽቦው ከዐይኑ በስተኋላ ጥቂት ዙር ተጠምጥሞ ይቆረጣል። ጀማሪ የሚያበላሸው በማብዛት ነው፤ ሰውነቱ ከወፈረ ዝንቡ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ መልኩም ይጠፋል።

አሜሪካዊው አል ትሮዝ ኋላ ደረቱን በጣዎስ ላባ አልብሶ እግር ጨምሮለታል፤ ዛሬ በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ይኸው ዓይነት ነው። ያምራል፣ ዓሣም ይይዛል፤ የሶየርን ያህል ግን ፈጥኖ አይሰምጥም። በዚህ ምክንያት ከዐይኑ በስተኋላ የብረት ዶቃ የሚያስገቡለት ብዙ ናቸው።



አጥማጁ ዝንቡን ዓሣው ካለበት ቦታ አስቀድሞ ወደ ላይኛው ውኃ ይወረውረዋል፤ ወርዶ ከዓሣው ፊት እንዲደርስ ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት የዘንጉን ጫፍ ቀስ አድርጎ ያነሳል። ዝንቡ ለመውጣት እንደሚዋኝ ኒምፍ ሽቅብ ይሄዳል፤ ዓሣውም ያመልጠኛል ብሎ ይከተለዋል። መያዙ የሚታወቀው ውኃው ላይ የተዘረጋው የማጥመጃ ክር ድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ ወይም ከውኃው በታች የትራውቱ አፍ ነጭ ሆኖ ሲከፈት ነው።