ባናው ይኮሰኩሳል?

«እማዬ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው? በግ በግ ይሸታል እኮ!»

ልጄ ከደብረ ሲና ያመጣሁትን ባና ገና ከፌስታሉ ሳወጣው ያለችው ነው። በዚህ ዋጋ መርካቶ ሁለት ለስላሳ ብርድ ልብስ እንደሚገዛ ነገረችኝ። ባናውን ያሰብኩት ለአምስት ወር የልጅ ልጄ ነበር።

ቅር አለኝ። ደብረ ሲና ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ቆሎዋን ነው። እኔ እዚያው ስላደግሁ ከጣርማ በር የሚወርደውን ብርድ አውቀዋለሁ። ስድስት ልጆች ባና ለብሰን ነው ያደግነው።

ባና የሚሠራው ከመንዝ በግ ጸጉር ነው። ጸጉሩ ተሸልቶና ታጥቦ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሸምነዋል። ዋጋውን ያስወደደው የእጅ ሥራው ነው።

«እውነተኛ የበግ ጸጉር ለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለሽ?» አለችኝ። ከዳሩ አንድ ክር መዝዤ ውሃ አጠገብ በክብሪት ለኮስኩት። እንደተቃጠለ ጸጉር ሸተተ፤ ክብሪቱን ሳርቀው ጠፋ፤ አመዱም በጣቴ ደቀቀ። ከእሷ ብርድ ልብስ የመዘዝነው ክር ግን ቀልጦ ጠንካራ ጠብታ ሆነ። ፖሊስተር ጠባዩ እንዲህ ነው።

ይኮሰኩሳል ማለቷ ልክ ነው፤ የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው። መፍትሔው ከሥሩ አንሶላ ማድረግ ነው። ሽታው ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይቀንሳል። በሙቅ ውሃ ከታጠበ ግን ይኮማተራል። የበግ ጸጉር ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት መጥጦም እርጥብ አይመስልም፤ በውስጡ የሚይዘው አየር ደግሞ ያሞቃል።

«ይሁን፤ ልጄን ግን አላለብሰውም» አለች። ክትባት ስታስከትብ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ ብርድ ልብስ እንደማይመከር፣ ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው እንደሚችል ነግረዋታል። «እኛ ስድስታችን አድገን የለም ወይ?» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እናቴ የወለደችው ስምንት ነበር።

አሁን ባናው የልጄ አልጋ ላይ ነው። ሌሊት ልታጠባ ስትነሳ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ለትንሹ ዓመት ሲያልፈውና ሲጠና ይደርስለታል።