አሮጌ አውቶሞቢልን በግቢ ውስጥ ስለ ማደስ

በመርሳና በወልድያ ከተሞች ከመጋዘን በስተ ጀርባ ወይም ከግቢ ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ አውቶሞቢል ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ከአባት የተወረሰ ነው፤ አንዳንዱ መለዋወጫ ዕቃ ታጥቶለት የቆመ ነው፤ አንዳንዱም በዕዳ ፈንታ የተያዘ ነው። ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ ጎማው ይተነፍሳል፤ ዶሮ ያድርበታል፤ በመጨረሻም የቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሚዛኑን ይዞ ከደጅ ይቆማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለ ንብረቱ ለሚዛኑ እሺ ከማለቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ነገር በአጭሩ ለማስረዳት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የማገለግላቸው ነጋዴ የሰጡኝ ትእዛዝ ነው። አንድ ቀን ማታ ሒሳብ ስንዘጋ፣ «ጸሓፊ፣ ይህን ቮልስዋገን በኪሎ ብንሸጠው ይሻላል ወይስ ልጆቹ እንደሚሉት እናድሰው? እስኪ ሒሳቡን ሥራልኝ» አሉኝ። ሒሳቡን ለመሥራት አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ግድ ስለ ሆነብኝ መካኒኮችን ጠየቅሁ፤ የልጆቹንም ድካም እሑድ እሑድ ቆሜ ተመለከትሁ። ከዚህ በታች የሚነበበው ከዚያ የተሰበሰበ ነው።

በኢትዮጵያ ምድር አውቶሞቢል መታየት የጀመረው በዳግማዊ ዐጤ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ. ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባለውን መኪና አዲስ አበባ አድርሶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም.፣ መንገድ ሲሠራ የጭነት መኪና በብዛት ገባ፤ የጋራዡም ቋንቋ አብሮ ገብቶ ቀረ። ዛሬ በየጋራዡ የምንሰማው ካላማዳሪያ የሚለው ቃል በጣሊያንኛ የአየር ክፍል ማለት ነው፤ ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፓራውልት የሚሉትም ከዚያው የመጡ ናቸው። ከዚያም በኋላ ፊያት 682፣ በተለምዶ ስሙ ኤንትሬ የተባለው ከባድ መኪና፣ በአሰብና በደሴ መንገድ እህልና ሸቀጥ ሲያመላልስ ኖሯል። ከትናንሾቹም ፊያት 600ና 1100፣ ቮልስዋገን፣ በድሬዳዋና በሐረር ለረጅም ዘመን ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ፔዦ 404፣ እንዲሁም በፊያት 124 አምሳል የተሠራው ላዳ በየከተማው የታወቁ ናቸው።

እነዚህን መኪናዎች በትርፍ ጊዜያቸው ገዝተው በየግቢያቸው የሚያድሱ ሰዎች በአዲስ አበባ እየታዩ ነው። በተለይ ቮልስዋገን ብዙ ወዳጆች አሉት፤ የውጭ አገር የዜና ወኪሎችም ፎቶግራፍ አንሥተው ለዓለም አሳይተዋል። ይህ ሥራ በሌላው ዓለም ከቆየ ብዙ ጊዜው ነው። በ1966 እ. ኤ. አ. የተመሠረተው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድን መኪና ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ እንደ ጥንቱ ተጠብቆ የተያዘና ለዕለት መጓጓዣ የማያገለግል ሲሆን ነው።

በእኛ አገር ግን ነገሩ የደስታ ብቻ ሳይሆን የንብረት ጕዳይም ሆኗል። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ቀረጡ ተከፍሎበት፣ ታርጋ ለጥፎ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ትናንት ከነበረው ግምት የተለየ ግምት ሊሰጠው ይገባል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚጀመረው በመፍቻ ሳይሆን በሰነድ ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቍጥርና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በቮልስዋገን የሻንሲው ቍጥር ከኋላው መቀመጫ ሥር ይገኛል፤ የሞተሩ ቍጥር ደግሞ ከዲናሞው ማቆሚያ በታች ባለው የሞተር አካል ላይ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ. ም. ጦርነቱ በአካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ሰነዱ የጠፋበት ባለ ንብረት ቢኖር፣ ገንዘቡን በቀለምና በጎማ ከማፍሰሱ በፊት ሰነዱን በሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማስተካከል አለበት። ሰነድ የሌለው መኪና ቢያምርም መንገድ ላይ ሊወጣ፣ በሕጋዊ መንገድም ሊሸጥ አይችልምና። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ሁለተኛው ዝገቱን መመርመር ነው። ቀለም ዐይን ያታልላል፤ ካቻቢቴ ግን አያታልልም። ወለሉን፣ የበሩን ደፍና ክሪክ የሚያርፍበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያሉ መፈተሽ ነው። በቮልስዋገን ባትሪው ከኋላው መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ ከእርሱ የሚፈሰው አሲድ በዙሪያው ያለውን ወለል ይበላዋል። ላዩ ደኅና መስሎ ሥሩ ያለቀ መኪና ከሚገዛ ይልቅ ላዩ ተጫጭሮ ሥሩ የጸና ቢገዛ ይሻላል።

ሦስተኛው ሞተሩ ነው። ለብዙ ዓመት የቆመን ሞተር በጉተታ ወይም በሞተሪኖ በድንገት ማስነሣት ታላቅ ስሕተት ነው፤ የዛገ ፒስቶን በግድ ሲንቀሳቀስ ሲሊንደሩን ይፍቀዋልና። አስቀድሞ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ለጥቂት ቀናት መተው፣ ከዚያም ሞተሩን በመፍቻ በእጅ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። አሮጌው ቤንዚን በጊዜ ብዛት እንደ ሙጫ ስለሚሆን ከታንኩ ተቀድቶ ይጣላል፤ ካርቡራቶሩም ተፈትቶ ይታጠባል። ቮልስዋገን ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያበርደው ነፋስ ነው። በእኛ ቆላማ አገር ውኃ ስለማይፈላበት ተመስገን የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ነፋሱን የሚመሩት ላሜራዎች አንዱ እንኳ ቢጐድል ሞተሩ ይቃጠላልና ትርፍ ብረት መስሎን ልንጥላቸው አይገባም። የሚያስፈልገው የሞተር ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለ ሆነ ዘይቱን በየጊዜው መለወጥ ቸል ሊባል አይችልም።

አራተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ፍሬን ነው። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለልጆቹ፣ «የማይሄድ መኪና የሚጐዳው ባለቤቱን ነው፤ የማይቆም መኪና ግን የሰው ልጅ ይጐዳል» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም የሲሊንደሮቹን ውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚነሣ መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦዎችንና የሲሊንደር ጎማዎችን ሁሉ መለወጥ እንጂ ለጊዜው ሠራ ብሎ መተው አይገባም። ከመርሳ ወጥቶ በውርጌሳና በውጫሌ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው የሚጠብቀውን ዳገትና ቁልቁለት ያስብ። የቤንዚን ቱቦም እንዲሁ መለወጥ አለበት፤ በቮልስዋገን ሞተሩ ከኋላ ስለ ሆነ ቱቦው ተሰንጥቆ ቢያንጠባጥብ ሹፌሩ እሳቱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ጎማ ሲገዛም በጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች መመልከት ይጠቅማል። 2319 ቢል በ2019 እ. ኤ. አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አንጸባራቂ ሆኖ በመደብር ያረጀ ጎማ አሮጌ ጎማ ነው።

አምስተኛው የላሜራና የቀለም ሥራ ነው። የዛገውን ላሜራ ቈርጦ አዲስ መበየድ እንጂ በዝገት ላይ ስቱኮ መለሰን ዕዳን በጨርቅ መሸፈን ነው፤ አንድ ክረምት ሲያልፍበት ይገለጣል። በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ራሱንም ይጠብቅ። በቮልስዋገን የቤንዚኑ ታንክ ከፊት ስለ ሆነ በዚያ አካባቢ ብየዳ ከመደረጉ በፊት ታንኩ ወጥቶ ከግቢው ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ባዶ ታንክ በውስጡ በቀረው እንፋሎት ምክንያት ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። ከመኪናው ሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ አይታመን፤ ጽኑ ማቆሚያ ያድርግበት። የአሮጌ ፍሬን ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአየር ከመንፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ከማደስ ሌላ መኪናን እንደ ራስ ፍላጎት የመለወጥ ልማድም አለ። ሰፋፊ ቸርኬ መግጠም፣ መኪናውን ዝቅ ማድረግ፣ የሌላ መኪና ሞተር መክተት፣ ጣሪያውን መቍረጥ የመሳሰለው ነው። ይህ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ሆኖም ሦስት ነገር ይታሰብበት። አንደኛ፣ የሞተርና የቀለም ለውጥ በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ በዓመታዊው ምርመራ ጊዜ ችግር ያመጣል። ሁለተኛ፣ ኀይለኛ ሞተር በአሮጌ ፍሬን ላይ መጫን አደጋ ነው። ሦስተኛ፣ የተቈረጠ አይመለስም፤ የጥንቱን መልክ ፈልጎ የሚመጣ ገዢም ይሸሻል። ስለዚህ የሚፈታው ዕቃ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ ስም ተጽፎበት ቢቀመጥ መልካም ነው።

መለዋወጫ ዕቃን በሚመለከት የቮልስዋገን ባለቤቶች ዕድለኞች ናቸው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው የወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ. ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ስለ ሆነ፣ ዕቃው እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ይሠራል። ይሁን እንጂ ከማዘዝ በፊት መኪናው የቀድሞው ባለ 6 ቮልት ወይም የኋለኛው ባለ 12 ቮልት መሆኑን ማወቅ ያሻል፤ የአንዱ አምፖልና ሞተሪኖ ለሌላው አይሆንምና። የላዳና የፊያት 124 ባለቤቶችም መልካቸው ስለ ተመሳሰለ ሁሉም ዕቃ ይገጥማል ብለው አይገምቱ፤ አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ መሄድ የተሻለ ነው።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንመለስ። መዝገቡን በሦስት ዐምድ ከፈልሁት፤ አንደኛው ለደኅንነት የሚያስፈልገው ወጪ፣ ሁለተኛው መኪናው እንዲሄድ የሚያስፈልገው ወጪ፣ ሦስተኛው ለማማር የሚወጣው ነው። አንደኛው ዐምድ ሳይዘጋ ለሦስተኛው ገንዘብ እንዳይወጣ ተስማማን። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ከቀለም ጀምሮ ገንዘቡ ሲያልቅበት አንጸባራቂ ቆሞ ቀር መኪና ይዞ ይቀራል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ሒሳቡ ሲጠናቀቅ ለነጋዴው ያቀረብሁላቸው ውጤት እውነተኛ እንጂ የሚያስደስት አልነበረም። መኪናው ታድሶ ቢሸጥ ከቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን የልጆቹ የእሑድ ድካም በቀን ሠራተኛ ዋጋ ቢታሰብ ትርፉ ይጠፋል። ይህንኑ ስነግራቸው መዝገቡን አገላብጠው አዩና፣ «እሑድ እሑድ ሌላ የት ይውሉ ነበር? ያን ደግሞ ጻፈው እንጂ» አሉኝ። ለዚህ የሚሆን ዐምድ አልነበረኝም። የብረት ገዢው ተመለሰ፤ መኪናውም እስከ አሁን በግቢው ነው። ፍሬኑ ተሠርቷል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ መቀመጫና ቀለም ግን ይቀረዋል።

በመጨረሻ ለንግድ ምክር ቤቱ አባሎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በወልድያ፣ በመርሳና በደሴ የመለዋወጫ ዕቃ መደብሮች ከመደርደሪያ ግርጌ ለብዙ ዓመታት ገዢ ያጡ የፊያት፣ የፔዦና የቮልስዋገን ዕቃዎች ይኖራሉ። ባለ መደብሮች እነዚህን ቈጥረው፣ ከነቍጥራቸው ዘርዝረው ቢያሳውቁ፣ ለአንዱ የሞተ ሸቀጥ የሆነው ለሌላው የሚፈለግ ዕቃ ይሆናል። ቶርኖ ቤቶችና የላሜራ ሠራተኞችም ሥራ ያገኛሉ፤ ወጣቶችም እጃቸውን ያሠለጥናሉ። በግቢያችሁ የቆመ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ ሚዛኑ ከመምጣቱ በፊት ሸራውን ገልጣችሁ ወለሉን በካቻቢቴ፣ ሰነዱን በዐይናችሁ እንድትመረምሩ በትሕትና እናሳስባለን።