ባለ 300 ዶላሩ ማርከሬ

ባለፈው በለጠፍኩት የፔይንትቦል ማርከሬ፣ ማለትም የቀለም ኳስ መተኮሻዬ፣ ፎቶ ስር አንድ ልጅ «ጋሼ፣ በዚህ ነው እንዴ ውድድር የሚገቡት?» ብሎ ጻፈልኝ። አዎ የኔ ልጅ፣ በዚህ ነው። ኢሜክ ይባላል፣ የፕላኔት ኢክሊፕስ ሥራ ነው። ባትሪ የለው፣ ሰርኪዩት የለው፤ ምላጩን አንዴ ስትስበው አንድ ኳስ ይተፋል፣ በቃ። ስገዛው ከ300 ዶላር በታች ነበር። አጠገቤ የሚሰለፈው ልጅ የያዘው ደግሞ 1,500 ዶላር የወጣበት ነው። ቀለሙ ያምራል፣ አልዋሽም።

ግን ሁለታችንም የምንተኩሰው ያንኑ ባለ 0.68 ኢንች ኳስ ነው። ሜዳ ሳንገባ ዳኛው ሁለቱንም በፍጥነት መለኪያ ያያቸዋል፤ በሴኮንድ ከ300 ጫማ በላይ የሚሮጥ ከሆነ አስተካክለህ ና ተብለህ ትመለሳለህ። ስለዚህ ውዱ ማርከር ከእኔው ርቆ አይመታም። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ ሲተኩስ እጅ አያናውጥም፣ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነም ኳስ ያዘንባል። ያም ቢሆን በትልልቆቹ ውድድሮች ደንቡ በሴኮንድ 10 ኳስ ገደማ ላይ ገድቦታል።

እዚህ ላይ እንዳላታልላችሁ። ሁሉም ኤሌክትሮኒክ በያዘበት የአምስት ለአምስት ውድድር፣ ጨዋታው ሲጀመር ወደ ምሽጉ የሚሮጠውን ሰው በኢሜክ ማስቆም ከባድ ነው። መንገዱን በኳስ የሚዘጋ ፍጥነት የለውም። ሜካኒካል ብቻ የሚፈቀድባቸው ውድድሮች አሉ፤ እኔ እነሱን እመርጣለሁ። ኤሌክትሮኒክ የግድ ካላችሁ ኢታ 2 የሚባለውን ማርከር ያገለገለ ፈልጉ። ውስጡ ያለው ጋማ ኮር የሚሉት፣ ኳሱን የሚገፋው ቦልት ከኢሜክ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱን መፍታት የለመደ ሰው ለሌላው አይቸገርም።

የመጀመሪያ ውድድሬ ላይ የያዝኩት ኢሜክ አልነበረም። በዘመኑ ውድ የነበረ ማርከር ከአንድ ሰው በ400 ዶላር ገዝቼ፣ ረከሰልኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ውስጡን አላየሁም፤ ሻጩም አላሳየኝም። ሁለተኛው ጨዋታ ላይ የአየር ቦምቦላውን ስገጥምለት ፍስስስ ማለት ጀመረ። አራት ሰዎች ቆመው እኔን ይጠብቃሉ፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እንደ ጎሚስታ አየሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ተበድሬ ጨረስኩ። ማታ ቤት ፈትቼ ሳየው ደርቆ የተሰነጠቀ ኦሪንግ ነው። ልጅነቱን አጎቱ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ሲያቀብል ያሳለፈ ሰው በአንዲት ቀለበት ጎማ መዋረዱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ማርከር ሲያሳዩኝ የምጠይቀው «እኔ ራሴ ልፈታው እችላለሁ ወይ?» ብዬ ነው። መልሱ አይ ከሆነ በነፃም አልፈልገውም።

ጽዳቱ እንዲህ ነው። አፈሙዙን በመከላከያ ከረጢቱ እሸፍናለሁ፣ የኳስ ማጠራቀሚያውንና ቦምቦላውን እነቅላለሁ፣ ውስጥ የቀረውን አየር ወደ መሬት ተኩሼ አስወጣለሁ። ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፤ አየር ያለበት ማርከር ሲፈታ ሰው ይጎዳል። ከዚያ ቦልቱን አውጥቼ አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ኦሪንጎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እዳስሳለሁ፣ የተቆረጠውን እቀይራለሁ። አዲሱ ግራሶ በስሱ ይቀባል። አንዳንዱ ዳቦ ላይ ማር እንደሚቀባ ይለቀልቀዋል፤ መብራት ስር ሲያብለጨልጭ ከታየ ይበቃል። የጋራዥ ግራሶ ግን እንዳታስነኩት፣ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። ለማርከር ተብሎ የተሠራው አንድ ትንሽ ብልቃጥ ለእኔ ዓመት ሙሉ ይበቃኛል። ዘይት የሚጠጡት እንደ ቲፕማን 98 ያሉት አሮጌ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ቀምሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ።

ኳስ ውስጡ ከፈነዳ አትደንግጡ። ቀለሙ በውሃ ይለቃል፣ ሳይደርቅ መድረስ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኒክ የያዛችሁ ግን ውሃ ወደ ሰርኪዩቱ እንዳይደርስ ተጠንቀቁ፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ከማርከሩ የተረፈው ገንዘብ የት ይሂድ? ጭንብል ላይ፣ ከዚያ ኳስ ላይ። ጭንብል ድርብ መስተዋት ያለው ይሁን፤ ላቡ ካጨለመው አውልቆ ለመጥረግ ያስመኛል፣ ሜዳ ላይ ማውለቅ ደግሞ ዓይን ያሳጣል። ኳስ 2,000 የያዘ ካርቶን ነው የሚሸጠው፤ በውድድር ቀን ቡድናችን ስንቱን እንደሚጨርስ ባለቤቴ ባትሰማ ይሻላል። ልባሱ ጄላቲን ነው፣ የአሳ ዘይት እንክብል የሚሠራበት ያው ነገር። እዚህ ሜሪላንድ የሐምሌ እርጥበት ሲነካው አብጦ አፈሙዝ ውስጥ ይፈነዳል፣ ብርድ ላይ ደግሞ ይሰባበራል። መኪና ውስጥ የከረመ ኳስ በ1,500 ዶላሩ ማርከርም ተተኮሰ በእኔው፣ መንገዱን ስቶ ይሄዳል።

ኳሱን የሚገፋውን የአየሩን ነገር ተናግሬ ልጨርስ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው፣ ግን ኢሜክም ኢታም የተሠሩት ለታመቀ አየር ነው። እዚህ አሜሪካ የአየር ቦምቦላ በየ5 ዓመቱ ይፈተሻል፤ የካርቦን ፋይበሩ ደግሞ ከተሠራ 15 ዓመት ሲሞላው ይጣላል። ቀኑ ያለፈበትን ሜዳ ላይ አይሞሉላችሁም። ያገለገለ ቦምቦላ የሚሸጥ ሰው ካገኛችሁ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን ወርና ዓመት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።