ችፌን በሳሙና ማባረር

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ልጅ ሰውነቱን ሲያክክ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠረጥረው እከክን ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቅን ተከትሎ በአማራ ክልል በተነሣው የእከክ ወረርሽኝ ከ370 ሺህ በላይ ሰዎች ተይዘው ነበር። ስለዚህ ልጁ በልብስ ሳሙና ይፈተጋል፣ ድኝ ይቀባል፣ ካልተሻለው እጥበቱ ይደጋገማል። ያመመው ችፌ ከሆነ ግን የሚያባብስበት ይኸው ፍተጋ ነው።

ችፌ የቆሻሻ በሽታ አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም። የታማሚው ቆዳ እርጥበት መያዝ ስለሚያቅተው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ አቧራና ሳሙና ሲገቡ ቆዳው ይቆጣል፣ ያሳክካል፤ ልጁ ባከከ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል። ጤናማ ቆዳ ወደ አሲድነት ያደላል፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤችም 5 ገደማ ነው። የልብስ ሳሙና ፒኤች ግን ወደ 10 ስለሚጠጋ ለቆዳው የቀረችውን ወዝ ጠርጎ ይወስዳል። ደረቁ የበጋ ነፋስ ሲጨመርበት፣ በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች እጅም ሳትታጠብ ጉንጩን ስትዳብስ፣ ሕፃኑ ሌሊቱን ሲያለቅስ ቢያድር አይገርምም።

«እከክ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እከክ አብዛኛውን ጊዜ አብረው የሚተኙትን ሁሉ ያዳርሳል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በእምብርት ዙሪያ ይወጣል፣ ሌሊት ይብሳል። ችፌ ጨቅላዎችን ጉንጫቸው ላይ፣ ከፍ ያሉትን ልጆች ክርናቸው መታጠፊያና ከጉልበታቸው ኋላ ይይዛል፤ ሄድ መለስም ይላል። በጠይም ልጅ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ጠቆር ወይም አመድማ ያለ፣ ጥቃቅን እብጠት ያለበት ሻካራ ቆዳ ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙም ስለሚችሉ ጥርጣሬ ካለ ጤና ጣቢያ ማሳየት ይሻላል።

የሕክምናው መሠረት ቅባት ነው። ልጁን ለብ ባለ ውኃ ለአጭር ጊዜ አጥቦ፣ ሳይፈትጉ በጨርቅ መታ መታ አድርጎ፣ ገላው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መላ ሰውነቱን መቀባት ነው። ቅባቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቆዳው የዳነ ሲመስልም ይቀጥላል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በቫዝሊን ፋንታ የሚቀባ ያልተነጠረ ቅቤ ግን በተላጠ ቆዳ ላይ ጀርም ሊያስገባ ይችላል።

ቆዳው ሲቆጣ ሐኪም የሚያዘውን የስቴሮይድ ቅባት ብዙዎች ይፈሩታል፤ ቆዳ ያሳሳል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ጠንካራው ዓይነት ያለ ትእዛዝ ለወራት ፊት ላይ ከተቀባ ያሳሳል። ቀለል ያለው ሃይድሮኮርቲዞን ለጥቂት ቀናት በታዘዘው ልክ ሲቀባ ግን ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ሳይታከም በሚቀረው ቁስል የሚመጣው ኢንፌክሽን ይብሳል። ምግብ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። እንቁላልና ወተት የሚያባብስባቸው ልጆች አሉ፤ ያለ ምርመራ ሁሉንም ከልጅ አፍ መንጠቅ ግን የልጆች መቀንጨር በበዛበት ክልል ትልቅ ስሕተት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ልጅም ቢሆን ወዲያው ቫዝሊን ይቀባ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ።

ቁስሉ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁን ካተኮሰው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳት ካለውና ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፊኛዎች በብዛት ካወጣ ደግሞ በቀጥታ ሆስፒታል አድርሱት።